በገንፎ የተለካ አገር

ማህጁብ ከአሶሳ እስከ ካርቱም አህያ ሲነዳ የኖረ ነጋዴ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ንግድ ሁለት ነገር አትርፏል፤ አንድ ዕውር አህያና የማያልቅ ወሬ። እሱ ባየው ወንዝ ውስጥ አዞ ግመልን ከነጭነቱ ይውጥና ኮርቻውን አጥቦ ለባለቤቱ ይመልሳል። «አዞ የሰው ሐቅ አይበላም» ይላል ማህጁብ፣ ጠይቆት እንደ መጣ ሁሉ።

አገሩ ለንጉሠ ነገሥቱ ከገባ ሁለተኛው ዓመት ነበር። ፊታውራሪ ፈንታ ሦስት መቶ ወታደር ይዘው ከደጋ ወርደዋል፤ ዝናቡ ሳይጥል ጦራቸውን አንድ መንደር ላይ ሊያሰፍሩ ይፈልጋሉ። የተሰፈረበት መንደር ክረምቱን ሙሉ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ሲሄዱም መርቆ ይሸኛል። የትኛው መንደር ይህን ደስታ እንደሚችል ግን ፊታውራሪው አላወቁም። «አገር የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ» አሉ። የአሶሳ ሰው ደግ ነውና ማህጁብን ጠቆመላቸው።

የበሬ ቁርበት ተነጠፈ፤ ከሰል ተሰጠው።

«በል አንተ፣ መጀመሪያ ዓለምን ሳልልኝ። ከዚያ ወደዚህ ታመጣታለህ።»

«በምን ልሳል ጌታዬ?»

«በከሰሉ ነዋ! በምን ልትስል ኖሯል?»

«እሱስ እሺ። ትልቅና ትንሹ በምን ይሁን? በሰው ነው? በወርቅ ነው? በአህያ ነው?»

ፊታውራሪ ዓለም በአህያ እንደሚለካ ሰምተው አያውቁም። ለመሳቅ ያህል «በአህያ ይሁን» አሉ።

ማህጁብ ምስርን፣ ግብፅን ማለቱ ነው፣ ዱባ አሳከላት። ሱዳንን ቅል አደረጋት። የኛን አገር ቤንሻንጉልን ሲስል ቁርበቱ አልበቃውም። ከጥግ በኩል አንዲት የቅማል እንቁላል የምታህል ነገር አስቀመጠ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እንግሊዝ ነው ጌታዬ። አህያ ሁለት ብቻ አለው። አንዱም ያነክሳል።»

ፊታውራሪው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እንዲህ ያለ እውነት የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም!» ብለው በወርቅ ደግሞ አሳሉት። ያው ዓለም እንደገና ሲሳል የቅማል እንቁላሏ ድንገት እንደ ጠገበች መዥገር ተነፋች፤ የምስር ዱባ ጠወለገች፤ ቤንሻንጉል ግን በሁለቱም ወፍራ ተገኘች። ፊታውራሪ ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አስዘርግተው ትልቅ ነገር እንደ ገባው ሰው ጢማቸውን አሻሹ።

«በል አሁን የዚህን አካባቢ መንደሮች» አሉት፤ በምን እንደሚለካ መንገሩን ግን ረሱት።

ማህጁብ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። አህያ ነጂ መንደርን የሚያውቀው በሚቀርብለት ገንፎ ነው። «ግባ» ብሎ ውሃ ብቻ የሚሰጥ መንደር ነጥብ ሆነ። ገንፎ ያለ ባሚያ ወጥ የሚያቀርበው ፍሬ አከለ። የገዛ መንደሩ ጉንዲሌማ፣ ማን በሰፈሩ ሰውን ይጋብዛል፣ ከነጥብም አነሰች። አቡሙጋ ግን የቁርበቱን ግማሽ ያዘች፤ እዚያ ያሉት እማማ ዐፊፋ ናቸው። ልጃቸውን ዐዋጢፍን ለማህጁብ ሊድሩለት ቃል ከገቡ ወዲህ በሄደ ቁጥር ደግፈው ካላስነሱት በቀር መቆም እስኪያቅተው ያበሉታል። ሠርጉ ማሽላው ሲደርስ ነው።

«በቃ!» አሉ ፊታውራሪ። «ይህን የሚያህል አገር እያለ ምን አስጨነቀኝ? ሦስት መቶውም አቡሙጋ ይስፈር! ነገ እንነሳለን።»

ከሰሉ ከማህጁብ እጅ ወደቀ። አቡሙጋ አሥራ አንድ ጎጆ ናት። ሦስት መቶ አፍ ከገባባት እንኳን የሠርጉ ማሽላ ዘሩም አይተርፍም። ማን እንደ ሳላት የተሰማ ዕለት ደግሞ እማማ ዐፊፋ ዐዋጢፍን ቀርቶ የዐዋጢፍን ፍየል አያሳዩትም።

ሌላ መላ ሲያጣ፣ በሕይወቱ ሞክሮት የማያውቀውን ነገር ሞከረ፤ እውነቱን ተናገረ።

«ጌታዬ፣ አቡሙጋ ትልቅ አይደለም። እኔ የሳልኩት በገንፎ ነው።»

«በገንፎ?»

«በገንፎ።»

ፊታውራሪ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «ገንፎው የሚበዛው እዚያ ነው? እሰይ! ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል!»

ማህጁብ እውነትን ዳግመኛ ላይነካት በልቡ ማለ።

«ሌላ ቁርበት ይምጣ!» አለ። «ዓለም በአንድ ልክ አይታወቅም፤ ጌታዬ ራስዎ አይተዋል። በንዳድ ደግሞ ልሳልልዎ።»

ንዳድ፣ ያ የቆላ ወባ፣ ሲባል የደጋ ወታደር ሁሉ ጋቢውን ሰበሰበ። ማህጁብ እንግሊዝን ዘለላት፤ ካርቱምን ገበታ አሳከላት፤ አቡሙጋ ላይ ሲደርስ ግን እጁ አልቆምም አለ። ሠፊው ቁርበት ከአንዲት ጥግ በቀር ሞላ። ከሰሉ መሬት ወረደ። ወደ ምንጣፉ ሲመጣ ፊታውራሪ እግራቸውን ሰበሰቡ።

«ምን ያህል ቢከፋ ነው?»

«ጌታዬ፣ እዚያ ንዳድ ሰው ብቻ አይደለም የሚይዘው። አምና የእማማ ዐፊፋን ወፍጮ ያዘው። ድንጋዩ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ሦስት ቁና ማሽላ ሰው ሳይነካው ፈጨ።»

«በስመ አብ! ጤነኛ መንደርስ የለም?»

ቁርበቱ ላይ የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነበር። ማህጁብ እዚያች ጥግ ላይ ነጥብ አሳረፈ።

«ይህች ማን ትባላለች?»

«ጉንዲሌ» አለ፣ ምላሱ ከልቡ ቀድማ። ሌላ ስም ሊያስታውስ ሲል ፊታውራሪ ተነሥተው ነበር።

በሳምንቱ ማህጁብ አቡሙጋ ደረሰ፣ ዕውር አህያውን እየጎተተ። ጉንዲሌ ያለው የራሱ ጎጆ ውስጥ ዘጠኝ ወታደር ሰፍሯል። አህያዋን የተዉለት ማየት ስለማትችል ነው።

አማች ከአማት ጋር ፊት ለፊት አያወራምና እማማ ዐፊፋ ጀርባቸውን ሰጥተው ለልጃቸው ተናገሩ።

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው። ከወታደር አድኖናል፤ ይብላ። ደግሞም ንገሪው፦ በንዳድ ወሬው ነጋዴ ሁሉ ፈርቶ ቀርቷል፤ ጨው የለም። ሳያጉረመርም ይብላ።»

«ሠርጉስ?» አለ ማህጁብ፣ ወደ ዐዋጢፍ ዞሮ።

«ሙሽራ ወታደር ከሞላው ቤት ትግባ ይላል? እነሱ እስኪወጡ ከዚሁ ያርስልኝ። ቤት የሌለው አማች ጥሩ ነው፤ የትም አይሄድም።»

ዐዋጢፍ ሳቋን በነጠላዋ አፍና መቆፈሪያ አቀበለችው።

«ስንት ወር ይቀመጡ ይሆን?» አላት ማህጁብ ቀስ ብሎ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? አገር የምታውቀው አንተ አይደለህ?» አለችውና ማሳውን በአገጯ አሳየችው።