ቀስ በይ፣ ዛሪያ

ዛሪያ ቢሎፕስ ማንበብ አትችልም ያለ ሰው ዋሽቷል። ታነባለች፤ ችግሩ የምታነበው ውሻ እንደሚያባርረው ሰው መሆኑ ነው። አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታቸው ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ንባብ ሲፈተኑ ጠረጴዛው ላይ ሰዓት ይቀመጣል፤ በደቂቃ ስንት ቃል እንዳነበቡ ይቆጠራል። ልጅቱ ብልጥ ናትና ዘዴው ቶሎ ገባት። ረጅም ቃል ስታገኝ ትዘለዋለች፣ መካከለኛውን ትውጠዋለች፣ መጨረሻው ላይ ከሁሉ ቀድማ ከች ትላለች። ምን እንዳነበበች ከጠየቋት ግን ጣሪያ ጣሪያ ታያለች።

እንዲህ እያለች ሦስተኛ ክፍል ደረሰች። እዚያ ቀልድ የለም፤ የንባብ ፈተና የወደቀ ክፍሉን ይደግማል። ዛሪያ ወደቀች። የቀራት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል የሚሰጠው ድጋሚ ፈተና ብቻ ነው። መድገሙስ ይሁን፣ የባሰው ታናሽ ወንድሟ ዴማርኮ ነበር። እሱ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛ ይገባል።

«አይዞሽ፣ ከጎኔ ወንበር እይዝልሻለሁ» አላት እራት ላይ የበቆሎ ዳቦውን እየገመጠ። «ያልገባሽን ትጠይቂኛለሽ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በጥፊ ታጮለው ነበር። ያን ዕለት እንባዋ ቀደማት።

የምታሳድጋቸው አያታቸው ቨርናዲን እንባ አይታ የምታባብል ሴት አይደለችም። የቤተ ክርስቲያናቸው ጸሐፊ ናት፤ የእሁዱን ማስታወቂያ የምታዘጋጀው እሷ ናት።

«እሁድ የወጣቶች ቀን ነው» አለች ሳህኑን እያነሳች። «ማስታወቂያውን አንቺ ታነቢያለሽ።»

«እኔ? ሰው ሁሉ ፊት?»

«ታዲያ ባዶ ወንበር ፊት ልታነቢ ነው?»

«እሺ ወረቀቱን ዛሬ ስጪኝ፣ ልሸምድደው።»

«አንቺን አጥቼሽ? እሁድ ጠዋት ነው የምታገኚው።»

እሁድ ደረሰ። ዛሪያ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ማይኩ ፊት ቆመች፣ ወረቀቱን አየች። ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት። «ለእንግዶቻችን ሰላምታ» የሚለውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰች፤ ስለ ፓስተሩ ልደት የሚለው ጋ ስትደርስ አንድ መስመር ዘላ ከስሩ ያለው የዓሣ ጥብስ ግብዣ ላይ አረፈች።

«ቅዳሜ ከቀኑ በስድስት ሰዓት የምንወዳቸውን ፓስተራችንን ሂዩትን በበቆሎ ዱቄት ለውሰን በትኩስ ዘይት እንጠብሳለን፣ ሁላችሁም ሳህን ይዛችሁ ኑ።»

ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም አብዝተው የሳቁት ፓስተር ሂዩት ናቸው፤ ወንበራቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት። ዛሪያ ጆሮዋ ጋለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እያለች አንድ እግሯን ወደ ደረጃው አወረደች።

ያኔ ከፊት ወንበር፣ ነጭ በነጭ የለበሱት፣ ምእመኑ ሁሉ እናት የሚላቸው አሮጊቷ ላቪ ድምፃቸውን አሰሙ። «ቀስ በይ፣ ልጄ።»

የቤቱ ወግ ነው። ዘማሪ ድምፁ ሲሰበር፣ ሰባኪ እንባ ሲያንቀው፣ ልጅ የፋሲካ ግጥሙ ሲጠፋበት ከወንበሩ የሚመጣው ቃል ያው አንድ ነው። ምሳ ይቀዘቅዛል እንጂ ሰው አይጣልም። «ቀስ በይ» አሉ ከኋላ። «ጊዜ አለን» አለ አንዱ ከመዘምራኑ። ዴማርኮ እንኳ እያጉረመረመ «ቀስ በይ» አለ።

ዛሪያ ተመለሰች። ጣቷን ከመስመሩ ስር አደረገችና አንድ ቃል አንብባ ተነፈሰች። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ሌላ አነበበች።

«አረንጓዴ መኪናውን በር ላይ ያቆመ ሰው» አለች።

«አሜን።»

«መብራቱ በርቷል።»

«አሜን፣ ሄዶ ያጥፋ።»

«እህት ሉቪኒያ ግራንት ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል።» እዚህ ላይ ቀና አለች። ሉቪኒያ በገና በዓል እስኪታመሙ ድረስ የትምህርት ቤቷን አውቶቡስ ይነዱ የነበሩ ሴት ናቸው፤ ስትሳፈር በስሟ ይጠሯት ነበር። «ወጡ እንዴ?» አለች በማይኩ።

«ወጥተዋል» አለ ሕዝቡ።

«ማንም እኮ አልነገረኝም።»

«ወረቀቱ ነገረሽ» አለች ቨርናዲን ከተቀመጠችበት።

ዛሪያ ወረቀቱን እንደገና አየችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጽሑፍ ማለት ሮጠው የሚያመልጡት ነገር ነበር እንጂ ወሬ የሚያቀብል አልነበረም። ደስታው ፊቷ ላይ ሲያበራ ሰው ሁሉ አየው።

የድጋሚ ፈተናው ዕለት ከመምህሯ ከሚስተር ፐርሴል ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጮክ ብላ ታነባለች፣ ከዚያ ስለ ታሪኩ ትጠየቃለች። ይሄኛው በደቂቃ አይቆጠርም ተብላለች፤ ሰዓቱ ግን እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ተጎልቷል። አየችውና አፏ ሮጠ። ታሪኩ ስለ ወንዝ ጀልባ ነው፤ አንድ መስመር ዘለለችና መልሕቁን ትታ ካፒቴኑን ወንዝ ውስጥ ጣለችው።

ቆመች። በፈተና ሰዓት መምህር ትንፍሽ አይልም።

ጣቷን ወደ ላይኛው መስመር መለሰች። «ቀስ በይ፣ ዛሪያ» አለች ለራሷ።

ሚስተር ፐርሴል የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ ያደገውም እንደዚያ ባለ ቤተ ክርስቲያን ነው። «አሜን» አለ። አምልጦት ነው።

ከዚያ በኋላ ካፒቴኑ ከውሃ ወጣ፣ መልሕቁ ገባ፣ ጀልባው ዳር ደረሰ። ጥያቄው ሲመጣ ዛሪያ መልሳ አልበቃትም። በዚያ ጭጋግ ጀልባ ማስነሳቱ የማን ሞኝነት ነው ብላ ከታሪኩ ጋር ተከራከረች።

ውጤቱ የተነገራት ቀን ቤት እስክትደርስ ሮጠች። ቨርናዲን ወጥ ቤት ጎመን እየከተፈች ነበር። ልጅቱ በር ላይ ሆና ጀመረች፣ ቃሉ ሁሉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ወጣ።

ቨርናዲን ቢላዋውን አስቀመጠች፣ እጇን አደራረቀች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቀስ በይ፣ ልጄ። አንዷም ቃል እንድታመልጠኝ አልፈልግም።»

ዛሪያ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አራተኛ» አለች።

«አሜን።»

«ክፍል።»

«አሜን።»

«ገባሁ።»

ያቺ የማታባብል ሴት በሽርጧ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከወዲያኛው ክፍል ዴማርኮ «ታዲያ ወንበሩን ለማን ልያዘው?» አለ።

«ለራስህ። የሚመጣው እሁድ ማስታወቂያ ያንተ ነው» አለችው ቨርናዲን። ከዚያ ወደ ዛሪያ ዞረች። «እስኪ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»