ገድሉ የሰጣት ቸርኬ

ገድሉ ባዶውን የጎማ ብረት፣ ቸርኬውን፣ እግሯ ሥር ወረወረላት። ለውሻ አጥንት እንደሚጣል ጣለላት እንጂ በእጁ አላቀበላትም።

«በይ የመሪጌታ ልጅ፣ ቀድሺበት!»

እናትዓለም ጎንበስ ብላ አነሣችው። ዓባይ ማዶ ካለው ከዚህ የሞተር ጋራዥ ግማሹ የባሏ የመልካሙ ነበር። መልካሙ ታሞ ከሞተ በኋላ ታላቅ ወንድሙ ገድሉ ሁሉንም ልጠቅልል አለ። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ፤ ሽማግሌውም ፈረዱ። ሴትዮዋ አንድ የሞተር ጎማ ከባዶ ቸርኬ አስራ ካቀናች የባሏን ቦታ ትያዝ፤ ካልቻለች የጋራዡን ቁልፍ ለገድሉ ታስረክብ። ፍርድ ማለት ይህ ነው! ገድሉን ድርሻህን በፈተና ያዝ ያለው የለም። ወንድ ከእናቱ ማሕፀን መፍቻ ጨብጦ የሚወጣ ይመስል።

ፈራጁ አቶ ወልደ ጻድቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይመለከታሉ። የከብት ሐኪም ናቸው፤ በሞተር ወደ መራዊ ገጠር ይመላለሳሉ። የሚታሰረውም ገድሉ የፈታው የእሳቸው የፊት ጎማ ነው።

እናትዓለም ጾሙን ሙሉ ስትማር ከርማለች። ያስተማራት ግን ገድሉ አይደለም። እሱ ሲሠራ እጁን እንዳታይ ጀርባውን ያዞርባት ነበር። አንድ ቀን ደፍራ ብትጠይቀው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተረተባት። መልስ ያጣ ሰው ተረት አያጣም። እሷም የተጣለ አሮጌ ጎማ ቤቷ ወስዳ ጣቷ እስኪደማ ፈታች፣ አሰረች። ራጂ የሚሏቸው ቀጫጭን ብረቶች ከመሐሉ እምብርት፣ ከሞዞው ተነሥተው፣ እየተጠላለፉ ዙሪያውን ቸርኬ እንደሚይዙ አወቀች። የቀኙን ስታጠብቅ ቸርኬው ወደ ቀኝ፣ የግራውን ስታጠብቅ ወደ ግራ እንደሚሳብ በእጇ ደረሰችበት። የጥብቀቱን ልክ ያገኘችው ደግሞ በጆሮዋ ነው። አባቷ ጣና ዳር ድጓ ሲያስተምሩ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ከተማሪው ሁሉ መካከል ያፈነገጠውን ድምፅ በመቋሚያቸው ይጠቁሙ ነበር። እሷም ራጂዎቹን በመፍቻ እየነካካች፣ ሁሉም አንድ ድምፅ እስኪሰጡ ታጠብቃለች።

አሁንም ቸርኬውን አስራ እንዲሁ አደረገች። ዐይኗን ጨፍና ዞረቻቸው። አንድም ያፈነገጠ የለም።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ገድሉ ጎማውን ሰቀለና ጠመኔ አስጠግቶ አሽከረከረው። ጠመኔው አንዱን ወገን ብቻ ቧጨረ፤ ሌላውን ሳይነካ አለፈ። ቸርኬው ይወላገዳል።

«ይዩልኝ አቶ ወልደ ጻድቅ! ጎማ ነው ወይስ እስክስታ ወራጅ?» ገድሉ መዳፉን ዘረጋ። «ቁልፉን!»

ፊቷ ነደደ። መፍቻውን አንሥታ በተወላገደበት በኩል አንዱን ራጂ ጠበቅ አደረገችው። ቸርኬው ተሳበ፤ ራጂው ግን ሲነካ እንደ ታነቀ ሰው ጮኸ። እጇን መለሰች። ሁሉም እኩል እየጎተቱ ቸርኬው ከተወላገደ ጥፋቱ የራጂዎቹ አይደለም።

«ቁልፉን አልሰጥዎትም፣ ጋሼ ገድሉ። ጠማማው ቸርኬው ነው።»

«ወጡ ሲያርባት ድስቱን ትሳደባለች!»

የደከመችበትን ሁሉ አንድ በአንድ ፈታችው። ባዶውን ቸርኬ ይዛ ጎረቤት ካለው ፑል ቤት ገባችና ለጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ ኳሶቹን ገፋ አድርጋ አጋደመችው።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? ጨዋታ ላይ እኮ ነን!»

«እናንተም እዩ» አለች። ቸርኬውን በአንድ ወገን ስትጫነው በሌላው ብድግ አለ። ስትለቀው እግሩ እንዳጠረ በርጩማ ተንገዳገደ። ተከትሏት የመጣው ገድሉም፣ አቶ ወልደ ጻድቅም አዩ።

ገድሉ ሳቀ። «ታዲያስ? ቸርኬ ከመታሰሩ በፊት ይታያል! ሳታዪ ያሰርሽው አንቺ ነሽ። የሙያው ሀሁ ይህ ነው!»

እውነቱን ነው። እውነት ከክፉ አፍ ስለወጣ ውሸት አይሆንም። እናትዓለም እንደ ኮሶ ዋጠችው።

«ልክ ነው፤ ጆሮዬን አምኜ ዐይኔን ጨፈንሁ። እርስዎ ግን አይተውት ነበር?»

«እንዴት አላይ! ይኸው ስንት ጊዜ ባንድ ወገን እየሳብሁ ቀጥ ሳደርገው የኖርሁ እኔ! ማን አወቀብኝ?»

አቶ ወልደ ጻድቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አሁን እኔ አወቅሁብህ። መራዊ መንገድ ላይ የወጠርኸው ራጂ በተበጠሰብኝ ቁጥር ‹መንገዱ ነው› ትለኝ አልነበረም?»

«አቶ ወልደ ጻድቅ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ...»

«ዝም በል! በላዩ ላይ እኮ የምቀመጠው እኔ ነኝ!»

ያን ጊዜ የእናትዓለም አንቱታ ከአፏ ወደቀ።

«ሰውዬው ቢወድቅ ደግሞ ያሰረችው ሴት ናት ልትል ነበር፤ አይደል አንተ?» አለችው።

ለገድሉ ለዚህ የሚሆን ተረት አልመጣለትም።

አቶ ወልደ ጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እኔ እንደ ሽማግሌ...»

«ቆይ፣ ገና አልሠራሁም» ብላ አቋረጠቻቸው። «የተባልሁት አስረሽ አቅኚ ነው። አዲስ ቸርኬ ያምጡልኝ።»

አመጡላት። መጀመሪያ ፑል ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አሰረች፤ በጆሮዋም በዐይኗም አቀናች። ጠመኔውን አስጠግታ ያሽከረከረችው ራሷ ናት። ነጩ መስመር ዙሪያውን ሳይቋረጥ ሄደ።

ቁልፉ እሷ ዘንድ ቀረ። ገድሉም ድርሻው ላይ አለ፤ ጠዋት ሲገናኙ ሰላምታ የለም። ዛሬም ሲሠራ ጀርባውን ያዞርባታል። እሷ ግን መሥሪያዋን ጎትታ በሩ ላይ፣ ከመንገዱ ፊት ለፊት ተከለችው። ባጃጅ የሚጠብቅ ሁሉ ቆሞ እጇን ያያል። ገድሉም ወደ ውስጥ ለመግባት የግድ በአጠገቧ ማለፍ አለበት።