ሰባተኛው ስልክ

እና ስህተቱን ማንም ልብ አላለውም ይለኛል፣ አለቃዬ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የሬዲዮ ስቱዲዮው በር ላይ ቆሞ፣ እንዴት ማንም፣ ትናንት በዚሁ ሰዓት በዚሁ ማይክ ድልድዩ ተጠግኖ ተከፍቷል ብዬ አንብቤ፣ ከመንገድ ቢሮ የመጣ ወረቀት ይዤ፣ ወረቀቱ ይከፈታል ተብሎ በዋዜማው የተጻፈ፣ ድልድዩ ግን አልተከፈተም፣ የዳቦ መኪናው እኔን አምኖ ሄደ፣ ተመለሰ፣ በሌላ መንገድ ዞሮ እስኪደርስ ወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር እስከ ቀትር ዳቦ አላገኘም፣ እህቴ እዚያ ናት፣ ልጆቿን በባዶ ሆዳቸው ትምህርት ቤት ሰድዳ ደወለችልኝ፣ አንቺ ካልሽው ብዬ ነው እኮ የጠበቅኩት አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሰባት ስልክ። በየጠዋቱ ከዜና በፊት ሰባት ስልክ እደውላለሁ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ጤና ጣቢያ፣ መናኸሪያ፣ ገበያ፣ ትራፊክ፣ መጨረሻ ላይ የድልድዩ ዘበኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ትናንት ሰባተኛውን ዘለልኩት፣ ወረቀት አለኝ ብዬ፣ ማኅተም አለው ብዬ፣ ማኅተም ወንዝ ያሻግራል እንዴ፣ ሞኝ።

የስርጭት ፈቃዳችን የሚለው በቀን ግማሽ ሰዓት የአካባቢ ዜና ነው ይላል አለቃዬ፣ ከዋናው ጣቢያ የሚመጣውን አንብቢና የከተማችንን ስም ጣል ጣል አድርጊበት፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጆሮ የለውም እንጂ። እርማት ካነበብሽ ነገ ማን ያምነናል? ካላነበብኩስ ማን ያምነኛል ጋሼ፣ እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ አንባቢ ያቆዩት ልማድ ነው፣ የተሳሳተው አፍ ራሱ ያርመው፣ በዚያው ሰዓት፣ ከሁሉ ዜና በፊት። እሺ፣ ስህተቱ በስምሽ ይሁን ይላል፣ ታዲያ በማን ስም ሊሆን ነው፣ እዚህ ወንበር ላይ በመቀመጤ እንደ ዛሬ ኮርቼ አላውቅም።

ሁለት ደቂቃ ቀረ። ስድስቱን ጨርሻለሁ፣ ሰባተኛው ይጠራል፣ ይጠራል፣ አንሱት እንጂ አባባ፣ ሄሎ፣ አንቺ ነሽ፣ ትናንት ስልክሽን ስጠብቅ ዋልኩ፣ አሟት ይሆን ብዬ፣ አላመመኝም አባባ፣ ሰንፌ ነው፣ ድልድዩስ፣ ማታ ጨረሱ፣ ክፍት ነው፣ በዓይንዎ አይተውታል፣ ማየት ምን ያደርጋል ልጄ፣ መሃሉ ላይ ቆሜ ነው የማወራሽ፣ ውሃው አይሰማሽም?

ይሰማኛል።

ቀዩ መብራት ይበራል፣ ጀርባዬ ቀና ይላል፣ እንደምን አደራችሁ፣ ትናንት በዚህ ሰዓት ድልድዩ ክፍት ነው ያልኳችሁ እኔ ነበርኩ፣ ተሳስቻለሁ፣ ሳልደውል ነው የነገርኳችሁ፣ ዛሬ ግን ደውያለሁ።