የዘገየው መርዶ

ዓርብ ጁላይ 18 ቀን 2008፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ዓለምጌጥ በምትሠራበት የዳላስ ክሊኒክ የሠራተኞች ማረፊያ ውስጥ ምሳዋ እስኪሞቅ ቆማ ስትጠብቅ ስልኳ ጮኸ። የደወለው መዝገቡ ነበር፤ የልብ ጓደኛዋ የሮማነወርቅ ታላቅ ወንድም፣ ከአዲስ አበባ።

«ዓለምዬ፣ ሮሚ አጠገብሽ አለች?»

«የለችም፣ ሥራ ላይ ናት። ምነው? ደኅና አይደላችሁም እንዴ?»

«አባባ ትናንት ዐረፉ። ዛሬ ቀበርናቸው። በስልክ፣ ብቻዋን እንዳትሰማው አደራ። ሰው ሰብስባችሁ እንደ ወጉ አርዷት። ግን ከእሑድ እንዳያልፍ።»

ዓለምጌጥ «እሺ» አለች፤ ስልኩን ዘግታም አለቀሰች። ልቅሶዋ እውነተኛ ነበር፤ ሰውየው በደወሉ ቁጥር «ሁለተኛዋን ልጄን አቅርቢልኝ» ይሉ ነበርና። እንባዋ ገና ከጉንጯ ሳይደርቅ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። የነገ ሳምንት ቅዳሜ ሰርጓ ነው። አንደኛ ሚዜዋም ሮማነወርቅ ናት።

ሁለቱ የተዋወቁት ከአራት ዓመት በፊት፣ ሁለቱም የዲቪ ዕጣ ደርሷቸው በመጡበት ክረምት፣ ከአየር ማረፊያው አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያሽጉ ነው። ከዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ አንድ አፓርትመንት ተከራይተው አብረው ኖሩ። ዓለምጌጥ ለክሊኒኩ ፈተና ስታጠና በየመንገዱ የምትጠይቃት ሮማነወርቅ ነበረች፤ የሐኪሞቹን ቃል እያጣመመች፣ ራሷ እየሳቀች፣ እስክትመልስ ድረስ ከመኪና አታስወርዳትም ነበር። ግዛቸውንም ያገናኘቻት እሷ ናት። ግዛቸው ሠራተኞቹን በቫን የሚያመላልስ ዝምተኛ ሹፌር ነበር፤ ዓለምጌጥም ሦስት ወር ሙሉ ከኋላ ተቀምጣ ማጅራቱን ብቻ ስታይ ከረመች። አንድ ቀን ሮማነወርቅ የኋላውን በር ፊቷ ላይ ዘጋችና «ሞልቷል፤ ፊት ግቢ» አለቻት። ከኋላ አራት ወንበር ባዶ ነበር።

በዚያው ዓርብ ሊመሽ ሲል ግዛቸው ከክሊኒኩ ሊወስዳት መጣ። ነገረችው። መኪናውን ፓርክ እንዳደረገ ሞተሩን አጠፋ።

«እሑድ እንንገራት። ሰርጉ ይገፋ» አለ።

«ወዴት ይገፋል? የሰኔ ጾም ወጣ ስንል ፍልሰታ እየገባ ነው። ከቅዳሜ በኋላ የቀረችው አንዲት ቅዳሜ ናት፤ አዳራሹ ደግሞ ተይዟል።»

«እሺ፣ ያለ እሷ እንጋባ።»

«ያለ ሮሚ?»

«ሶ፣ ወይ ያለ እሷ፣ ወይ ደብቀናት። ሌላ የለውም።»

«ራሷ ብትጠየቅ እኮ ‹ሰርግሽ አይቅር› ነው የምትለው።»

«እንግዲያው ጠይቂያት።»

አልጠየቀቻትም። በማግስቱ የእድሩ ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ ጋሼ ወልደ ሥላሴ ደወለችና «ቤተሰቦቿ ከሰርጉ በኋላ ይሁን ብለዋል» አለቻቸው። ዓረፍተ ነገሩ ያለ አንዳች እንቅፋት ከአፏ ወጣ፤ ይህም ራሷን አስደነገጣት። ለመዝገቡ ደግሞ «ሽማግሌዎቹ ለእሑድ አልተመቻቸውም» አለችው። ሁለቱን ወገኖች እርስ በርስ የሚያነጋግር ሰው አልነበረም፤ በመካከላቸው የቆመችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ጓደኛሞች ፀጉራቸውን ሊሠሩ ፀጉር ሠሪዋ ትዕግሥት ቤት ሄዱ።

«አባባ ስልክ አላነሳ አሉኝ» አለች ሮማነወርቅ። «አንድ ካርድ ሙሉ ጨረስኩ።»

«ኔትወርክ ነው» አለች ዓለምጌጥ። «ክረምት አይደል፣ ዝናብ ሲሆን ይቋረጣል።»

«የሚዜ ቀሚሴን ቀለም ልነግራቸው ነበር እኮ! ‹ጀርባሽ ከተጋለጠ ፎቶውን እንዳትልኪልኝ› ብለውኛል። ማለቴ፣ ሙሽራዋ አንቺ፣ ቁጣው ለእኔ!»

ትዕግሥት ማበጠሪያዋ ሳይወድቅ፣ የወደቀባት መስላ ከወለሉ ልታነሣ ጎንበስ አለች። እሷም የእድሩ አባል ነበረች፤ ታውቅ ነበር።

በሰርጉ ቀን አዳራሹ ውስጥ ከነበረው ሰው ግማሹ ያውቅ ነበር። ሮማነወርቅ ዘፈን አወጣች፣ እልል አለች፣ ትከሻዋ እስኪዝል ድረስ ጨፈረች። ጭብጨባው በደረሰችበት ሁሉ ይቀዘቅዝ ጀመር፤ የሚያውቁት ሴቶች ዓይናቸውን ከሳህናቸው አላነሡም። እሷ ግን ሰዎቹን ድካም የያዛቸው መሰላትና የአንዲት አሮጊትን እጅ ይዛ ጎተተቻቸው።

«ምነው እማማ፣ ልቅሶ ቤት መሰልዎት እንዴ? ይነሡ እንጂ!»

አሮጊቷ ተነሡ። እየጨፈሩም አለቀሱ፤ ሮማነወርቅም በደስታ ያለቀሱ መስሏት ግንባራቸውን ሳመችላቸው። ዓለምጌጥ ይህን ሁሉ ከሙሽራ ወንበሯ ላይ ሆና አየች። ቬሏን ፊቷ ላይ ልትመልሰው ፈለገች፤ ነገር ግን ካሜራው እሷ ላይ ነበር።

ሰኞ ጁላይ 28፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘጠኝ ሰዎች፣ ዓለምጌጥና ግዛቸውም ጭምር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የጋርላንዱን አፓርትመንት በር አንኳኩ። ሮማነወርቅ በሩን ከፍታ ከፊት የቆሙትን ጋሼ ወልደ ሥላሴን ስታይ፣ ማንም ሳይናገር፣ «አባባ!» ብላ ጮኸች። ያዟት። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ በድንገት ቀና አለች።

«መቼ ነው?»

ሁሉም ወደ ጋሼ ወልደ ሥላሴ አዩ።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ያረፉት?»

«ዛሬ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው፣ ልጄ።»

ሮማነወርቅ ጣቶቿን እያጠፈች ወደ ኋላ ቆጠረች። ቅዳሜ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ቅዳሜ...» አለች። «እኔ ቅዳሜ...» ዓለምጌጥን አየቻት። «ሐሙስ ‹ኔትወርክ ነው› አልሽኝ።»

«አትፍረጂባት፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ወልደ ሥላሴ። «ይቆይ ያሉት ቤተሰቦችሽ ናቸው። እሷ ያሉትን ነው ያደረሰችልን።»

ዓለምጌጥ እውነቱን መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ግዛቸው ከግድግዳው ሥር ቆሞ ይመለከታት ነበር። ዓለምጌጥ ግን የእንሶስላው ቀለም ያልለቀቀውን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችና ዝም አለች። ሮማነወርቅም በዚያ ዝምታ አምና፣ አንገቷን አቅፋ አለቀሰችባት። ዓለምጌጥ ከኖረችው ዕድሜ ሁሉ ሰው ባያየው የምትለው ሰዓት ያ ነው።

እውነቱ ለመውጣት አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ከሰዓት በኋላ ሮማነወርቅ ወደ ወንድሟ ደወለች፤ እሱም «ከእሑድ እንዳያልፍ» ብሎ እንደ ነበር ነገራት። በማግስቱ ልብሷን ሰብስባ ከጋርላንድ አጠገብ ባለችው በሳክሲ ወደሚገኘው የአክስቷ ቤት ሄደች። ስልክ አላነሳችም፤ የተላከላትንም መልእክት አልመለሰችም።

በአዲሶቹ ሙሽሮች ቤት ወሬ እያጠረ ሄደ። አንድ ምሽት እራት ላይ ግዛቸው ሹካውን አስቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናቴ ስትሞት እኔን ስንት ቀን ትደብቂኛለሽ?»

«ግዛቸው!»

«አልተቆጣሁም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

መልስ ስትፈልግ «ለእሱ እንዲህ አላደርግም» የሚል አገኘች፤ ለሮማነወርቅም እንዲሁ ትል እንደነበር ትዝ ሲላት ግን ሳትናገረው ቀረች። ጥፋቷን ሁሉ በፍቅር ስትሸፍነው ነበር የከረመችው፦ ያለ ሮሚ ሰርግ አይሆንልኝም፤ በጣም ስለምወዳት ነው። አሁን ግን የፈለገችው ሮሚን ሳይሆን የሮሚን ደስታ፣ ያውም ለአንድ ቀን፣ መሆኑ ገባት።

አርባው ሰኞ ኦገስት 25 ዋለ። ዓለምጌጥ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ሳትጠራ፣ ብቻዋን ወደ ሳክሲ ነዳች። ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ነበር። ሮማነወርቅ ጥቁር ለብሳ ከአባቷ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጣለች፤ በስተግራዋ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ጋሼ ወልደ ሥላሴ ከቄሱ ጎን ነበሩ።

ዓለምጌጥ በሳሎኑ መካከል ቆመች።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለች። «ቤተሰቦቿ ይቆይ አላሉም። ከእሑድ እንዳያልፍ ነበር ያሉት። ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለሰርጌ ብዬ። ያን ዕለት ጠዋትም እርስዎ ስለ እኔ ሲናገሩ እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

አንዲት ሴት «እግዚኦ!» አለች። ጋሼ ወልደ ሥላሴ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

ዓለምጌጥ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ለይቅርታ ያዘጋጀችው ረጅም ንግግር ነበር፤ ግዛቸው ፊት ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። አሁን ያን ሁሉ ተወችው።

«ሮሚ» አለች፣ «አጠገብሽ ልቀመጥ?»

ሮማነወርቅ ቀና ብላ አየቻት። አክስቷም፣ ቄሱም፣ ሳሎኑ ሙሉ ሰውም ሮማነወርቅን አየ። ዓለምጌጥ ቆማ ጠበቀች።