ክሩ ለምን ይበጠስብኛል?

ልብስ ሰፊዋ ስድስት ዓመት ሙሉ በድረ ገጿ ላይ ስለ ስፌት መኪና ስትጽፍ ኖራለች። አንባቢ በእሷ ሊንክ ገብቶ መኪና ሲገዛ፣ አንድ ትልቅ የኢንተርኔት ሱቅ ኮሚሽን ይከፍላት ነበር። አንድ ጠዋት ሱቁ ኮሚሽኑን ማቆሙን በሁለት መስመር መልእክት አስታወቃት። ስልኳን በአፍጢሙ ደፍታ የጀመረችውን ሱሪ ጨረሰች።

«አንድ ሱቅ ላይ አትንጠልጠይ ብዬሽ ነበር» አላት ወንድሟ።

«ብለኸኛል። አሁን ልቤን አታድርቀው።»

ከሰዓት በኋላ የአንባቢዎቿን መልእክቶች አገላብጣ አነበበች። የትኛውን መኪና ልግዛ የሚለው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ክሩ ለምን ይበጠስብኛል ባይ ነው። በማግስቱ የሰፈሯ የስፌት መኪና ጠጋኝ ዘንድ ሄዳ ሲሠራ በቪዲዮ ልቅረጽህ አለችው።

«ይህን ፊት ማን ያያል?» ብሎ ሳቀ።

«እጅህን ነው የምቀርጸው፣ አትስጋ።»

ከቪዲዮዎቹ ሥር የክር ሻጭ፣ የመርፌ ሱቅና የመቀስ አስመጪ ሊንኮች አኖረች፤ ጀማሪዎችንም በክፍያ ማስተማር ያዘች። ገቢዋ ወደ ድሮው የተመለሰው ዓመት ቆይቶ ነው። በሁለተኛው ዓመት መቀስ አስመጪው ሥራውን ሲዘጋ ግን ከገጿ ላይ አንድ መስመር ሰረዘችና ምሳዋን በላች።