የመምህሩ ወገብ

ልብስ ሰፊው የሰው ወገብ ሲለካ ሁለት ቁጥር ነበረው፦ አንዱ ለጆሮ፣ አንዱ ለመቀስ። ለጆሮ የሚሆነውን ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ለመቀስ የሚሆነውን ጥቁር ሽፋን ባለው ደብተሩ ላይ ዝም ብሎ ይጽፋል። ልዩነቱ ሁለት ሳንቲሜትር ነው፤ በሆዱ ለሚያፍር ሰው ሦስት። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚህ ውሸት የተጎዳ አልነበረም። ሱሪው ልክ ይሆናል፣ ባለሱሪውም ደስ ብሎት ይወጣል። ሰፈሩ «ጋሽ ሜትር» ብሎ የሰየመው ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ ስለ እውነተኛነቱ ነበር።

መከራው የመጣው ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር ሥጋ ብቻ መብላት የጀመረ ጊዜ ነው። ሥጋ ብቻ ማለት ሥጋ ብቻ፦ ጠዋት ሥጋ፣ ማታ ሥጋ፣ ለለውጥ ያህል እንቁላል። ዳቦ መርዝ ሆነ። ጎመን የከብት ምሳ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን «ምንጭህ የታለ?» እያለ ሲያስለቅስ የኖረ ሰው፣ ሸሚዙን አውልቆ ስልክ ውስጥ የሚጮህ አንድ ጎረምሳን ያለ ምንም ምንጭ አመነ። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ከልብስ ሰፊው ቤት ፊት ለፊት ያለው የፋርማሲ ባለቤት ነው። ነገሩ አንገበገበውና እሱ በተቃራኒው ቅጠልና ጥራጥሬ ብቻ መብላት ጀመረ። የተማረ ነው፤ ግን እሱም ያገኘው ከስልኩ ነው።

ሁለቱ ሌላ የሚጣሉበት ቦታ ያጡ ይመስል ልብስ ሰፊው ቤት ይገናኛሉ፤ አንዱ መስተዋቱ ሥር፣ አንዱ ካውያው አጠገብ።

«የሰው ልጅ አድኖ ነው የኖረው!» ይላል መምህሩ።

«አድኖ፣ በጎልማሳነቱ ሞተ።»

«የሞተው አንበሳ በልቶት ነው እንጂ ደም ሥሩ ተዘግቶ አይደለም!»

«አንበሳውንስ ማን መረመረው? አትክልት ብላ፣ ሰውዬ።»

«በሬው በልቶልኝ የለ እንዴ? እሱ ቅጠሉን፣ እኔ እሱን።»

«አንተ ጅብ!»

«ሂድ፣ ፍየል!»

ጋሽ ሜትር በዚህ ጊዜ ከንፈሩ ላይ ስፒል ይደረድራል። ስፒል የነከሰ ሰው አስተያየት አይጠየቅም።

ሦስት ወር እንዳለፈ መምህሩ አንድ የድሮ ሱሪ ይዞ መጣ። «ለካኝና አጥብብልኝ» ብሎ፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይኑን ጨፈነ። ሜትሩ መቶ ሰባት አለ። ሥጋው ከመጀመሩ በፊት በደብተሩ መቶ ስምንት ነበር፤ በጆሮው የሰማው ግን መቶ ስድስት። ጋሽ ሜትር ያንን የተጨፈነ ዓይን አየና አንጀቱ ራራ።

«ዘጠና ዘጠኝ!» አለ።

ሱሪውስ? ሰባት ሳንቲሜትር ቢያጠበው ከመምህሩ ጭን አያልፍም። ስለዚህ አንድ ክር ሳይነካ በካውያ አሳምሮ ተኮሰውና ጠቅልሎ መለሰለት። መምህሩ ለበሰው፤ ልክክ አለ። «ሰባት ሳንቲሜትር ጠቦ፣ እዩት!» እያለ መንገደኛውን ሁሉ ወገቡን ሲያስጎበኝ ሰነበተ።

በሳምንቱ የመምህሩ ሚስት የባሏን ኮት ቁልፍ ልታስተክል መጣች። ኮቱን ስትዘረጋው ከኪሱ ያልተከፈተ የመድኃኒት ካርቶን ወደቀ።

«የደም ግፊቱ ኪኒን ነው» አለች። «ትቶታል። ትናንት ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ለወንድሜ እንዳልነግር ሌላ ጦርነት ነው። ስለምነው ‹ሰባት ሳንቲሜትር የቀነሰ ሰው ምን ግፊት አለው? ጋሽ ሜትርን ጠይቂ› ይለኛል። ይኸው ጠየቅሁህ። እውነት ሰባት ነው?»

ጋሽ ሜትር ከንፈሩ ላይ ስፒል ደርድሮ ነበር። «እምም» አለ።

«አንተም ካልክ፣ እንግዲህ ክፉዋ እኔ ነኝ» ብላ ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ቁልፉን አጣሞ ተከለው። ነቅሎ እንደገና ተከለው፤ እንደገና ጠመመ።

በማግስቱ ረፋድ መምህሩ ፋርማሲስቱን በክንዱ እየጎተተ ገባ። «ለካኝ! ይሄ ፍየል በጆሮው ይስማ። ጮክ ብለህ ጥራው!»

ጋሽ ሜትር ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ለካ።

«መቶ ሰባት።»

«እንደገና።»

«መቶ ሰባት ነው፣ መምህር። ያን ጊዜም መቶ ሰባት ነበር። ሱሪዎንም አላጠበብኩትም፤ ተኮስኩት እንጂ። ኪኒንዎን ይዋጡ።»

«የምን ኪኒን?» አለ ፋርማሲስቱ፤ ግን መልሱን አልጠበቀም። ደስታው በዝቶበት ደብተሩን ቀምቶ አነበበ፣ ሳቀ፣ ገጹን ገለጠ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። የራሱን ወገብ አገኘው፦ ቅጠል ሳይጀምር ዘጠና፣ አሁን ዘጠና ሦስት። በጆሮው የሰማው ግን ሁለቱንም ጊዜ ሰማንያ ስምንት ነበር።

«ይሄ ሜትር ተለጥጧል» አለ።

«እኔም ልል ነው፤ ሜትሩ አርጅቷል!» አለ መምህሩ።

«የተለጠጠ ሜትር ቁጥር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም» አለ ጋሽ ሜትር። ባይናገር ይሻለው ነበር።

ጅብና ፍየል ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። ልብስ ሰፊው ውሸታም ነው፤ ሲዋሽም፣ ሲናዘዝም። «ና» አለ ፋርማሲስቱ መምህሩን አቅፎ፤ «እኔ ጋ ያለው የግፊት መለኪያ አያሽቃብጥም። ምንም እንደሌለብህ በማሽን አሳየዋለሁ!»

ጋሽ ሜትር በመስኮቱ አያቸው። መምህሩ እጅጌውን ሰበሰበ። ፋርማሲስቱ ነፋ፤ አነበበ፤ እንደገና ነፋ። ቀስ ብሎ ተነሣና ውኃ በብርጭቆ አመጣ። መምህሩ አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ ነገር ዋጠ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው ልብስ ሰፊውን በጥላቻ አዩት።

ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጡም። ከወር በኋላ የመጣችው ሚስትየው ናት፤ ኮቱን ልትወስድ።

«እየዋጠ ነው?» አላት።

«በየቀኑ። ግፊቱን ያስነሣው ሥጋው አይደለም፣ ጋሽ ሜትር አናዶኝ ነው ይላል። ንዴቱ እስኪበርድልኝ ድረስ ብቻ ነው የምውጠው ብሏል። ወንድሜም እንደዚያው ነው የሚለው፤ ሲያሙህ ነው የሚያመሹት።» ቁልፉን ሳብ አድርጋ አየችው፤ ጠሟል። ኮቱን አጥፋ ያዘች። በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«እና አደራህን፣ ጋሽ ሜትር፣ እንዳትታረቀው።»