የጋሼ ሚሊሜትር የዓመት ፈቃድ

በማተሚያ ቤቱ የወረቀት መቁረጫ መኪና ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የቆሙት ሰው የፀጉር ያህል መዛነፍ አይምሩም ነበርና፣ ባልደረቦቻቸው «ጋሼ ሚሊሜትር» ይሏቸዋል። ስሙን ጠልተውት አያውቁም።

አንድ ማለዳ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መጥቶ የፈቃድ መዝገቡን ገለጠ። በእርሳቸው ስም የተከፈተው ገጽ ብዕር አልነካውም። «እኚህ ሰው በዚህ ወር ፈቃድ ካልወጡ ድርጅቱ ይከሰሳል» ብሎ ሄደ። ማተሚያ ቤቱን ከአባቷ የወረሰችው ወይዘሮም ደብዳቤውን በዚያው ዕለት ጻፈች።

«የሃያ ቀን ፈቃድ?» አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?»

«ዕረፍት እኮ ነው፤ ቅጣት አይደለም።»

«አባትሽ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈውብኝ አያውቁም!»

«ለዚህም እኮ ነው እኔ ልከሰስ የደረስኩት!»

እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼን ያስጨነቃቸው ዕረፍቱ አልነበረም። በሃያ ቀን ውስጥ ሌላ ሰው መኪናውን ለምዶ ቦታቸውን ይወስዳል ብለው ነው የፈሩት። ስለዚህ በፈቃዳቸው የመጀመሪያ ቀን ክራቫታቸውን አስረው፣ ከማተሚያ ቤቱ ማዶ ካለው አግዳሚ ላይ ተሰየሙ። መቁረጫው በኋላ ክፍል ስለነበር አይታያቸውም፤ ቢቸግራቸው ወረቀት የሚያወርዱትን ሠራተኞች በእጃቸው ማዘዝ ያዙ።

ወይዘሮዋ እየሮጠች ወጣች። «ጋሼ፣ ተቆጣጣሪው ቢያይዎት ሥራ ላይ ናቸው ይላል!»

«መንገዱ የሕዝብ ነው፤ እጄም የራሴ።»

«እንግዲያው እጅዎን ኪስዎ ይክተቱልኝ።»

ከተቱት። አገጫቸው ግን ማዘዙን አልተወም።

ማታ ሚስታቸው፣ «እቤት ትውላለህ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አውርቼ ነበር፤ አሳፈርከኝ» አሏቸው።

በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሏቸው መንገዱን ተሻገሩ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ «የመቁረጫ ባለሙያችን በዓመት ፈቃድ ላይ ስለሆኑ፣ እስኪመለሱ ድረስ የመጽሐፍ ጥረዛ ትእዛዝ አንቀበልም።» ገባ ብለው ወደ ኋላ ክፍል ብቅ ቢሉ፣ መኪናው ሸራ ለብሶ ቆሟል።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ ወይዘሮዋን።

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

«አላምንሽም ነበር» አሉና፣ ክፍለ ሀገር ያለች እኅታቸውን ሄደው ከጠየቁ ስንት ዓመት እንደሆናቸው እየቆጠሩ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አመሩ።